በፓሪስ ከተማ የፔር ላሼዝን መካነ መቃብር ስለ መጎብኘታችን

ሰው ወደ ባዕድ አገር በሄደ ጊዜ ቤተ መንግሥቱን፣ ድልድዩን፣ ገበያውንና የጥንት ዕቃ የተሰበሰበበትን ቤት ለማየት ይቸኩላል እንጂ መቃብር ለማየት ብሎ የሚነሣ አይመስለንም ነበር። በአገራችን ልማድ ወደ መቃብር የሚኬደው ለቅሶ ሲኖር ወይም ተዝካር ሲደርስ ነው፤ ያለዚህ ምክንያት በመቃብር መካከል ሲመላለስ የሚታይ ሰው አእምሮውን ያስጠረጥራል። ስለዚህ በፓሪስ ያረፍንበት ሆቴል ሹም «ፔር ላሼዝን ሳታዩ እንዳትመለሱ» ባሉን ጊዜ የአትክልት ቦታ ወይም ያረጀ ግንብ መስሎን በደስታ እሺ አልን። መቃብር መሆኑን የተረዳነው ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ከተሳፈርን በኋላ ነው። ባለቤታችንም «ልጆችን ይዞ ወደ መቃብር ለሽርሽር መሄድ ምን የሚሉት ነው?» ብለው ተቃወሙ። ነገር ግን መንገዱ ተጀምሮ ነበርና አልተመለስንም። ወሩ የጥቅምት መጨረሻ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ክቡራን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ትልቁ በር ሜኒልሞንታን በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ነው። ለመግባት ገንዘብ አይከፈልም። ስፋቱ አርባ አራት ሄክታር ያህል ነው ይባላል፤ ይህም በእኛ የመሬት ልክ አንድ ጋሻ ከጥቂት ትርፍ ጋራ ማለት ነው። በውስጡ ከ4000 የሚበልጥ ዛፍ አለበት፤ መንገዶቹ እንደ ከተማ መንገድ ስም አላቸው፤ ቦታውም በ97 ክፍል ተከፍሏል፤ መቃብሩ ሰባ ሺህ ያህል ነው። ከመቃብሮቹም ብዙዎቹ እንደ ዘበኛ ቤት ጠባብና ረጅም ሆነው በድንጋይ የተሠሩ፣ በርና መስኮት ያላቸው፣ በጉበናቸው ላይ የቤተሰቡ ስም የተቀረጸባቸው ቤቶች ናቸው። በኮረብታው ላይ በረድፍ ቆመው ሲታዩ ነዋሪው ሁሉ ለገበያ ወጥቶ የቀረበትን መንደር ይመስላሉ። ካርታ የሌለው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ይጠፋበታል። እኛ ካርታ ይዘን ሁለት ጊዜ ጠፋን።

ይህ መቃብር እንዴት እንደ ተጀመረ ብንጠይቅ ታሪኩ እጅግ የሚያስገርም ሆኖ አገኘነው። በቀድሞው ዘመን የፓሪስ ሰው የሚቀበረው እንደ እኛው በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ነበር። ከነዚህም ዋነኛው የንጹሐን ሕፃናት መቃብር የተባለው በከተማው ገበያ አጠገብ የነበረው ነው። በዚያ ብዙ መቶ ዓመት ሙሉ ሬሳ በሬሳ ላይ ሲቀበር ስለ ኖረ መሬቱ ከጎረቤቱ መንገድ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። በ1780 ከአጠገቡ ያለ የአንድ ቤት ምድር ቤት ግድግዳ በሬሳው ክብደት ተንዶ የመቃብሩ ይዞታ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ መቃብሩ ተዘጋ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ዐፅሙ በሌሊት በጋሪ እየተጫነ ከከተማው በታች ወዳለው የጥንት የድንጋይ መፍለጫ ዋሻ ተወሰደ። ከልዩ ልዩ መቃብሮች ወደዚያ የተጋዘው ዐፅም የስድስት ሚሊዮን ሰው ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ይህንንም ዋሻ እንግዳ ሁሉ ይጎበኘዋል፤ እኛ ግን ባለቤታችን ስላልፈቀዱ አልሄድንም፤ አለመሄዳችንም አላሳዘነን።

ከዚህ በኋላ ናፖሌዎን ንጉሠ ነገሥት በተባለ በሦስተኛው ቀን፤ ማለት በግንቦት 21 ቀን 1804 በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረው ኮረብታ ላይ አዲሱ መቃብር ተከፈተ። ቦታው አስቀድሞ የኢየሱሳውያን መነኮሳት ይዞታ ነበር፤ ስሙም የሉዊ 14ኛ የነፍስ አባት ከነበሩት ከአባ ደ ላ ሼዝ የተወረሰ ነው። ቦታውን የቀየሰው ብሮኛር የተባለ መሐንዲስ ነው፤ እርሱም በ1813 ሲሞት በዚያው ተቀበረ። መጀመሪያ የተቀበረችው ግን መኰንንም ሀብታምም አይደለችም፤ የአምስት ዓመት ሕፃን የድሃ ልጅ ናት። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ በቤተ ክርስቲያን ውስጥና በከተማ ውስጥ መቅበር ተከለከለ፤ ሙት ሁሉ ለየብቻው ጉድጓድ እንዲቆፈርለትም ታዘዘ።

ሕዝቡ ግን አዲሱን ቦታ አልወደደውም። ሩቅ ነው፣ ዳገት ነው፣ ከአባቶቻችን ዐፅም ይለየናል አለ። በመጀመሪያው ዓመት የተሠራው መቃብር 13 ብቻ ነበር ይባላል። በዚህ ጊዜ የከተማው ሹማምንት አንድ ብልሃት አወጡ፤ በ1817 የታላቁን የቴአትር ደራሲ የሞልዬርን፣ ተረት በመጻፍ የታወቀውን የላ ፎንቴንን፣ እንደዚሁም በ12ኛው መቶ ዓመት የኖሩትን የአቤላርንና የኤሎይዝን ዐፅም አምጥተው በዚያ አሳረፉ። ዐፅሙ በእውነት የነርሱ ስለ መሆኑ ሊቃውንት ይጠራጠራሉ። ሆኖም የከተማው ሰው ከታላላቆቹ አጠገብ ለማረፍ ተሽቀዳደመ፤ በ1830 መቃብሩ ከ33000 በላይ ደረሰ።

ይህን በሰማን ጊዜ ደብረ ሊባኖስ ትዝ አለን። በእኛ ዘንድ ሰው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ለመቀበር ይናዘዛል፤ ሩቅ አገር የሞተውም ሬሳው ተጭኖ ይሄዳል። እኛ ለጻድቁ ያደረግነውን እነርሱ ለቴአትር ደራሲ አደረጉ ማለት ነው። የሚያስደንቀውም ሞልዬር በ1673 በሞተ ጊዜ ተዋናይ ነበርና ካህናቱ በክብር አንቀብርም ብለው ነበር፤ ባለቤቱ ንጉሡን ለምና በሌሊት ያለ ብዙ ሥርዓት ተቀበረ። መቃብር የተነፈገው ሰው ከ144 ዓመት በኋላ ሌላውን ሰው ወደ መቃብር የሚጠራ ሆነ።

እንግዲህ በካርታው እየተመራን የታወቁትን መፈለግ ጀመርን። ሻምፖልዮን የተባለውን የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ምስጢር የፈታውን ሊቅ አገኘነው፤ በመቃብሩ ላይ የቆመው እንደ ግብፃውያን ልማድ አንድ ወጥ ሐውልት ነው። ታላቋ ልጃችን «የአክሱም ይመስላል» አለች። ልኩ ግን ከእኛው ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ከሾፓን መቃብር ላይ አንዲት ያዘነች የሙዚቃ እመቤት በእብነ በረድ ተቀርጻ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ በታች ያለው አበባ ከብዛቱ የተነሣ ድንጋዩን ሸፍኖታል። ሾፓን በ1849 ሞተ፤ ሥጋው በዚህ ሲያርፍ ልቡ ግን እንደ ኑዛዜው ወደ ተወለደበት አገር ተወስዶ በዋርሶ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ዐምድ ውስጥ ይገኛል። የኢጣልያው የሙዚቃ ደራሲ የሮሲኒ ቤት ደግሞ ቆሞ ይታያል እንጂ ባለቤቱ የለበትም፤ በ1887 ዐፅሙ ወደ ፍሎረንስ ሄዷል። ብዙ ጎብኚ ይህን ሳያውቅ ከበሩ ቆሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ አይተናል፤ እኛም ከነርሱ አንዱ ነበርን።

ታናሹን ልጃችንን ከሁሉ አብልጦ ደስ ያሰኘው የፓርማንትዬ መቃብር ነው። ይህ ሰው በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዮች የከብት ምግብ ነው እያሉ ይንቁት የነበረውን ድንች እንዲበሉ ያስተማረ የመድኃኒት ቀማሚ ነው። ስለ ውለታው ጎብኚዎች አበባ ሳይሆን ድንች ያስቀምጡለታል። ልጁም ድንቾቹን እየዞረ ቆጠረና ለምን እኛ ሳንይዝ መጣን ብሎ ተቆጣ።

ፍቅር መቃብርን እንደሚጎዳ ያየነው ከኦስካር ዋይልድ ዘንድ ነው። ይህ የአየርላንድ ተወላጅ ደራሲ በ1900 በድህነት በፓሪስ ሞቶ በሌላ መቃብር ተቀበረ፤ በ1909 ወዳጆቹ ወደዚህ አፈለሱት፤ በኋላም ክንፍ ያለው ትልቅ የድንጋይ ምስል ተሠራለት። ሴቶች ከንፈራቸውን ቀለም እየተቀቡ ድንጋዩን መሳም ልማድ አደረጉ። ከቀለሙ ጋራ ያለው ቅባት ወደ ድንጋዩ እየሰረገ ስላበላሸው በ2011 ታጥቦ በመስታወት ታጠረ። አሁን የሚሳመው መስታወቱ ነው። በ1971 በ27 ዓመቱ የሞተው የአሜሪካ ዘፋኝ የጂም ሞሪሰን መቃብርም በብረት ታጥሯል፤ በላዩ የነበረው የራሱ ምስል በ1988 ተሰርቆ 37 ዓመት ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ2025 የፓሪስ ፖሊስ በሌላ ጉዳይ ሲመረምር አገኘው። በዚያ የተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት እንደ በዓል ቀን ነበር፤ የጎረቤቶቹን ስም ግን ቀና ብሎ የሚያነብ አላየንም። በዓመት ወደዚህ ስፍራ የሚገባው ሰው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነው ይባላል፤ ከዚህም አብዛኛው የሚሄደው ወደ ጥቂት ሰዎች መቃብር ነው።

በምሥራቅ በኩል ባለው ማዕዘን አንድ ተራ የሆነ የድንጋይ አጥር አለ። በግንቦት 1871 ኮሚውን የተባለው የፓሪስ ሕዝብ መንግሥት በመንግሥት ጦር ሲደመሰስ በዚህ መቃብር ውስጥ በሐውልቶች መካከል ሌሊት ውጊያ ሆነ፤ በግንቦት 28 ቀን 147 ምርኮኞች በዚህ አጥር ሥር ተረሽነው እዚያው በጉድጓድ ተጣሉ። ከአንዲት የጽሕፈት ሰሌዳ በቀር ጌጥ የለበትም። ከፊት ለፊቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ጀርመን የእስር ሰፈሮች ተወስደው ላለቁት የቆሙ ሐውልቶች አሉ። በዚህ ስፍራ ልጆቹ ራሳቸው ዝም አሉ፤ ፎቶግራፍም አላነሣንም።

ሲመለሱ መንገዱ ጠፍቶን ካርታው ስም ወደማይጠቅስበት ክፍል ገባን። እዚህ የድንጋዩ ቤቶች በራቸው ዝጎ ወድቋል፤ በአንዱ ጣራ ላይ ዛፍ በቅሏል፤ ከአንዳንዱም ፊት አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ተለጥፋለች። ፈረንሳይኛችን ጥቂት ስለ ሆነ ቀስ ብለን አነበብናት፤ ይህ መቃብር በመተው ላይ ስላለ ባለ መብቶቹ ወደ ጽሕፈት ቤት ይምጡ የምትል ናት። በፓሪስ የመቃብር መሬት በውል የሚሰጥ ነው፤ ለ10፣ ለ30፣ ለ50 ዓመት ወይም ለዘለዓለም። ጊዜው ሲያልቅ ውሉን የሚያድስ ከሌለ ዐፅሙ ተነሥቶ ወደ ጋራ ማከማቻ ይገባል። የዘለዓለም ተብሎ የተገዛውም ቢሆን ጠባቂ አጥቶ ከፈረሰ ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጥፎ በሕግ የተወሰነውን ጊዜ ጠብቆ ይመልሰዋል። ዘለዓለም ማለት በዚያ አገር የልጅ ልጅ እስካለ ድረስ መሆኑን ተረዳን።

ማስታወቂያውን ስናነብ አንዲት አሮጊት ሴት ባልዲና ብሩሽ ይዘው በጉልበታቸው ተንበርክከው የጎረቤቱን ድንጋይ ሲያጥቡ አየን። በኅዳር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለሚውል በዚያ ሰሞን ፈረንሳዮች የዘመዶቻቸውን መቃብር አጥበው አበባ ያኖራሉ። ሴትዮዋም ቀና ብለው በትሕትና ሰላምታ ሰጡንና «እናንተስ እዚህ ማን አላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ማንም የለንም፤ እንግዶች ነን፤ ሾፓንን ልናይ መጥተን መንገድ ጠፍቶን ነው አልናቸው። «ሾፓን አበባ አላጣም» ብለው ፈገግ አሉ። የሚያጥቡት የባላቸውን ወላጆች መቃብር ነበር። እርሱን ሲጨርሱ ባልዲውን አንሥተው ማስታወቂያ ወደ ተለጠፈበት ዞሩና ይህንን ደግሞ ማጠብ ጀመሩ። ዘመድዎ ነውን? ብንላቸው አላውቀውም፤ ነገር ግን አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነናል አሉ። ታላቋ ልጃችን ሳናዛት ሄዳ ውሃ ታፈስላቸው ጀመር።

ልጅቱ ከዚያ ስንነሣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች «አባባ፤ የአያታችንን ድንጋይ የሚያጥበው ማን ነው?» አለችን። ባለቤታችን ወደ እኛ ተመለከቱ። አባታችን የተቀበሩት በሸዋ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ነው። አርባቸውን አውጥተናል፤ ሰባት ዓመታቸውንም በሚገባ ደግሰናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሥራ እየበዛ መንገዱም እየራቀ መቃብራቸውን ካየን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ለልጅቱ ዘበኛው ያጥበዋል ብለን መለስንላት። ደብሯ ዘበኛ እንደሌላት እናውቅ ነበር።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ እንደ ሰማነው በ2025 መጨረሻ የፓሪስ ከተማ አንድ አዲስ ነገር አወጀ፤ በፔር ላሼዝና በሌሎች ሁለት መቃብሮች ካሉት ያረጁና ባለቤት ያጡ ሐውልቶች ከየአንዳንዱ ዐሥር ዐሥሩን በ4000 ዩሮ ለሚገዛና በስድስት ወር ውስጥ ለሚያድስ የከተማው ነዋሪ በዕጣ ይሰጣል፤ ያደሰውም ሰው በዚያው አጠገብ የራሱን የመቃብር ቦታ ለመያዝ መብት ያገኛል። እኛ በመጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይተን ስናስበው ግን አሮጊቷ ያለ ዕጣና ያለ ዋጋ ሲሠሩት ያየነው ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራላቸው አንድ ወዳጃችን «ፈረንጅ መቃብር ለማየት ገንዘብ አውጥቶ ይሄዳል ማለት ያስቃል» አሉን። እኛም፤ ፈረንጅ ወደ አክሱም የሚመጣው ምን ለማየት ይመስልዎታል? ብለን ጠየቅናቸው። የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ የወደቀው ታላቁ 33 ሜትር ያህል ነው፤ በ1937 ወደ ሮማ የተወሰደውና በ2005 የተመለሰው፣ በ2008 ደግሞ በቦታው የቆመው 24 ሜትር ያህል ነው። ከሥራቸው የተቀበሩት እነማን እንደ ሆኑ በስም ለይቶ የሚናገር ግን የለም። በአዲስ አበባም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንግዳው በየቀኑ እየገባ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌን የመቃብር ድንጋይ፣ በውጭም የአርበኞችንና በ1960 ያረፉትን የኢትዮጵያ ወዳጅ የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር ያያል። ወዳጃችን ካቴድራሉ በር ላይ ብዙ ጊዜ እንዳለፉ፤ ነገር ግን ከቀብር ቀን በቀር ወደ መቃብሩ ገብተው እንደማያውቁ ነገሩን። እኛም ከፓሪስ በፊት እንደዚሁ ነበርን።

በሕዳር ወር ወደ ወንድማችን ስልክ ደወልንና ሄዶ እንዲያይ ለመንነው። ሄዶ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሣር ውስጥ ፈለገ፤ ኋላ አንድ ያረጁ መሪጌታ እጁን ይዘው ወደ ቦታው አደረሱት። ድንጋዩ አልተሰበረም፤ የስማቸው ግማሽ ግን በሽበት ተሸፍኗል፤ የሞቱበት ዓመትም አይነበብም። ድንጋይ ጠራቢው አዲስ ድንጋይ ይሻላል ብሎ ነበር። ባለቤታችን ግን እርሳቸው የሚያውቁት ይህን ነው፤ አሮጌው ይታጠብና ፊደሉ ይጥለቅ አሉ፤ እኛም በዚሁ ተስማምተን ዋጋውን ልከናል። ለጥምቀት ማግሥት ልጆቹን ይዘን ለመሄድ ቆርጠናል። ልጅቱ ብሩሽ ገዝታ አስቀምጣለች። ታናሹም በየቀኑ ድንች እንያዝ ወይ እያለ ይጠይቀናል፤ አያቱ ይወዱት የነበረው የገብስ ቆሎ እንደ ሆነ ነግረነዋል።